ሶሻል ወርከር ስንዴ አዳይ አይደለችም

ደብረ ብርሃን፣ ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ግቢ አንዲት እናት ሶሻል ወርከሯን (የማኅበራዊ ስራ ባለሙያዋን) «ልጄ፣ ስንዴው መቼ ነው የሚመጣው?» አሏት። አልፈርድባቸውም። ስራዋን ማን አስረዳቸው?

የሙያው ትምህርት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ተጀመረ። ደርግ ከመጣ በኋላ ተቋርጦ እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ደረጃ ተመለሰ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ተቋርጦ መቆየቱ ነው፤ ስሙ ግራ ቢያጋባ አይገርምም።

ስንዴ ማደል የእርዳታ ሰራተኛ ስራ ነው። ሶሻል ወርከር መጀመሪያ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ልጁ ትምህርት ለምን እንዳቆመ ትጠይቃለች። መታወቂያ የጠፋበትን ሰው ቀበሌ ድረስ ይዛ ትሄዳለች። እድራችንም ሐዘንተኛ ያጽናናል፤ እሷ ግን በሙያ ስነ ምግባር ትገዛለች። የነገሯትን ምስጢር ትጠብቃለች፣ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በስተቀር። ስለዚህ ስለ ስንዴው ብቻ ሳይሆን፣ ሌሊት እንቅልፍ ስለሚነሳዎትም ነገር ይንገሯት።