የዝናብ ውሃን አጣርቶ መጠቀም በባሕር ዳር

ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ክዳን በዓመት ከ44 ሺህ ሊትር በላይ ይሰጣል። የሚያጥረው ማስቀመጫ ነው፤ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በአንድ የሐምሌ ዶፍ ሞልቶ ይፈሳል፣ በበጋ ባዶውን ይቆማል። አቅም ያለው ሮቶ ያስተክላል።

ውሃውን ይበልጥ የሚያቆሽሸው ጣሪያው ነው። በጋውን ሙሉ የተጠራቀመ አቧራ፣ ቅጠልና የወፍ ኩስ (ሐይቅ ዳር ወፍ መቼም አይጠፋም) ታጥቦ ወደ አሸንዳው ይገባል። ስለዚህ ዝናቡ ሲጀምር የሚወርደውን ውሃ ወደ በርሜሉ ሳያስገቡ መድፋት ከየትኛውም ማጣሪያ ይቀድማል። አሸንዳው ጫፍ ላይ የታሰረ ወንፊት ቅጠሉን ያስቀራል። በርሜሉም መከደን አለበት፤ ክፍት ከሆነ ትንኝ ይራባበታል።

ቤት ውስጥ ከሚሠሩት ማጣሪያዎች ጥሩው የአሸዋው ነው። ከታች ጠጠር፣ ከላይ ግማሽ ሜትር ያህል ደቃቅ አሸዋ ይደረጋል። አሸዋው ተነፍቶ፣ እጣቢው እስኪጠራ ድረስ መታጠብ አለበት፤ እዚህ ላይ የሰነፈ ሰው ደህናውን ውሃ ራሱ ያደፈርሰዋል። ውሃ በየቀኑ ሲጨመርበት ከአሸዋው ገጽ ላይ ስስ ሕያው ሽፋን ይፈጠራል፤ ተሕዋስያንን በብዛት የሚያስቀረው እሱ ነው። ለመጠንከር ሳምንታት ይፈጅበታል፣ ከደረቀ ደግሞ ይሞታል። ከታች ከጠጠሩ የሚነሣው መውጫ ቱቦ ከአሸዋው ገጽ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚታጠፈውም ውሃ ሁልጊዜ ከላይ እንዲቀር ነው። በርሜሉ በኅዳር ያለቀበት ቤት ማጣሪያውን በሌላ ውሃ ካላቆየው በቀጣዩ ክረምት ከዜሮ ይጀምራል። ከሰል የሚጨምሩም አሉ፤ ሽታና ቀለም ይቀንሳል እንጂ ጀርም አይገድልም።

የጠራ ሁሉ ግን አይጠጣም። ለመጠጥ የሚሆነው ከተጣራ በኋላ ይፈላል፣ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን መድኃኒት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ተጨምሮበት 30 ደቂቃ ይቆያል። ድፍርስ ውሃ ክሎሪኑን ስለሚያባክነው ማጣራቱ ይቅደም። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ለ1 ደቂቃ ከተንተከተከ ይበቃዋል።

ለልብስ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። የዝናብ ውሃ ማዕድን ስለሌለው ሳሙና ቶሎ አረፋ ያወጣል፤ በሻሽ አጥልሎ ማጠብ ነው።