ራስ አገዝ ቡድን ምንድን ነው?

ሐምሌ በብዙ ገበሬ ቤት ጎተራ የሚራቆትበት ወር ነው። አዝመራው ገና ማሳ ላይ ነው፤ የእህል ዋጋ ደግሞ በዚያው ወር ይወደዳል። በዚህ መሐል ልጅ ቢታመም ወይም በሬ ቢሞት ድሀው ገበሬ ከባለጸጋ ጎረቤቱ በአራጣ ይበደራል፤ አለዚያም መሬቱን በወለድ አግድ ይሰጣል። ወለድ አግድ ማለት ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት ድረስ አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ምርቱን በወለድ ፈንታ የሚወስድበት ውል ነው። መሬቱን ያስያዘ ገበሬ ታዲያ ዕዳውን በምን አርሶ ይከፍላል? ራስ አገዝ ቡድን ምን እንደሆነ በደንብ የሚገባን ከዚህ ጥያቄ ስንነሣ ነው።

ቡድኑ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ፣ በኑሮ የሚቀራረቡ ጎረቤታሞች ስብስብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። በየሳምንቱ ተገናኝተው የአቅማቸውን ይቆጥባሉ፤ ከቆጠቡት ላይ እርስ በርስ ይበዳደራሉ። ከውጭ የሚሰጥ መነሻ ገንዘብ የለም። ያሰባሰበቻቸው ቤተ ክርስቲያን የምትመድብላቸው አንድ አመቻች ነው፤ እሱም ስብሰባ አመራርና ደብተር አያያዝ ያስተምራል እንጂ ብራቸውን አይነካም፣ ማን ይበደር ብሎም አይወስንም።

አሠራሩን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ሕንድ ያዳበረው ማይራዳ የተባለ ድርጅት ነው። በአገራችን ቀድመው ከጀመሩት አንዷ የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ስትሆን፣ ቲርፈንድ ከተባለው የእንግሊዝ ክርስቲያናዊ የእርዳታ ድርጅት ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2002 አዳማ ላይ በአምስት ቡድኖችና በ100 ያህል ሰዎች ጀመረችው። ከዚያ ወደ ገጠር ወረደ፤ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትና ድርጅቶችም ያዙት።

አብያተ ክርስቲያናት ወደዚህ የመጡት ረጅም መንገድ ተጉዘው ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽን የተቋቋመው በ1964 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት መካነ ኢየሱስ ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ለልማት እየሰጡ ለስብከተ ወንጌል መንፈግ ሰውን ለሁለት መክፈል ነው ብላ ተሟገተች። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት እህል ተሸክመው መንገድ እስካልነበረበት መንደር ድረስ ገብተዋል። ያ ስንዴ ነፍስ አትርፏል፤ ዋጋውን የሚያሳንስ ሰው ረሃቡን አላየም። ነገር ግን እርዳታው ዓመት ከዓመት ሲደጋገም አንድ ክፉ ልማድ ትቶ አለፈ። እንግዳ በመጣ ቁጥር መንደሩ የጎደለውን መቁጠር ለመደ፤ መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ጉድለቱ ነበርና። ራስ አገዝ ቡድን ይህን ገለበጠው። የአመቻቹ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ጎደላችሁ?» መሆኑ ቀርቶ «እጃችሁ ላይ ምን አለ?» ሆነ። ለእኔ የሐሳቡ ልብ ይህ ነው።

ከዓመታት በፊት ወላይታ ውስጥ በአንዱ ስብሰባ ተቀምጬ ነበር። ሴቶቹ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ሰሌን ላይ ክብ ሠርተዋል። ጸሎት ተደረገ፤ ስም ተጠራ፤ አርፍዳ የመጣችው አንድ ብር ቅጣቷን ሳትከራከር አስቀመጠች። የዚያን ሳምንት ሰብሳቢ የሆነችው ሴት ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰብሳቢነቱ በየተራ ስለሚዞር በሰው ፊት ተናግራ የማታውቅ ሴት ሁሉ ቀኗ ይደርሳል። አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ ደብተሩን የያዘው የአንዷ ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። እሱ ድምሩን ሲያነብ ሴቶቹ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተሉታል፤ አንድ ቦታ ላይ ሲሳሳት ሦስቱ ባንድ አፍ አረሙት። ሒሳቡ በቃላቸው ነበር።

ብሩ ትንሽ ይመስላል። ሃያ ሴቶች በሳምንት አምስት አምስት ብር ቢያስቀምጡ በዓመት 5,200 ብር ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ሣጥን ውስጥ አይተኛም። አንዷ ተበድራ ከሩቅ ገበያ ቅቤ ገዝታ ቅርብ ገበያ ትሸጣለች፤ መልሳ ስትከፍል ሌላዋ ጠቦት ትገዛበታለች። በብድሩ ላይ የሚጨመረው ጥቂት ገንዘብም ወደዚያው ሣጥን ስለሚመለስ የሁሉም ነው። ወለድ የሚለው ቃል በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ጆሮ ስለሚከብድ ብዙ ቡድኖች የአገልግሎት ክፍያ ይሉታል። አባል ለመሆን የማንም ምዕመን መሆን ግዴታ አይደለም፤ መሆንም የለበትም።

«ይህማ እቁብ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እቁብ ዙሩ ሲያልቅ ይበተናል፤ ዕጣውም የቸገረውን አይመርጥም። እድር በዋናነት ለሐዘን ነው። እዚህ ግን ገንዘቡ ሳይከፋፈል እያደገ ይሄዳል፤ ማን እንደሚበደር የሚወስነውም ዕጣ ሳይሆን ውይይት ነው። «በምን ልትመልሺው ነው?» ብላ ጎረቤት ጎረቤቷን ፊት ለፊት ትጠይቃለች። ቡድኖቹ ሲበረክቱ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ተወካይ ልከው ክላስተር የሚባል ማኅበር ያቆማሉ፤ የውኃና የመንገድ ጥያቄ ይዞ ቀበሌ የሚሄደው እሱ ነው።

የማይችለውንም መናገር ይገባል። ዝናብ በወረዳው ሁሉ ሲቀር ሃያዎቹም ባንድ ቀን ይቸገራሉ፤ ያን ጊዜ የእርዳታ እህል የግድ ነው። የኑሮ ውድነት ቁጠባውን ይበላዋል። ከሁሉም ድሀ የሆነችው፣ አምስት ብርም የሌላት፣ ብዙ ጊዜ ደጅ ትቀራለች። ቡድን ሲፈርስ ካየሁባቸው ምክንያቶች ደግሞ የሚያንገበግበኝ አንዱ ነው፦ በጎ አሳቢ እንግዳ መጥቶ ገንዘብ ሊሰጥ ቃል ሲገባ። በማግሥቱ ቁጠባው ይቆማል፤ ሁሉም ቃል የተገባውን ይጠብቃል።

በዚያ ቀን ስብሰባ አንዲት አባል ሳትመጣ ቀረች፤ የብድር መክፈያዋም ቀኑ አልፎ ነበር። ስለ ቅጣት ያነሣ ሰው አልነበረም። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤቷ ሄዱና ሲመለሱ ልጇ በወባ መውደቁን ነገሩን። ደብተር ያዡ ልጅ ቀኑን በወር አራዘመላት። ከዚያ ሰብሳቢዋ፣ ድምፅዋ አሁን ሳይንቀጠቀጥ፣ ለአባላት ችግር ለብቻ ከሚቀመጠው ማኅበራዊ ፈንድ ሃምሳ ብር ቆጥራ ለሁለቱ ሴቶች ሰጠች፤ «ይህ ብድር አይደለም በሏት» አለች።