ካውንቲ ምንድን ነው? ከማንሃታን ማዶ ያለው ሃድሰን

አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ያለው ሰው «ሞንጎምሪ ካውንቲ» የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ካውንቲ በክፍለ ግዛቱ መንግሥትና በከተማው መካከል ያለ የአስተዳደር እርከን ነው፤ ለኛ ዞን ብንለው ብዙም አያሳስትም። ጉልበቱ ግን ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። ሜሪላንድ ውስጥ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ ከንቲባ እንኳ የለውም፤ ፖሊሱንም ትምህርት ቤቱንም የያዘው ካውንቲው ነው። ኒው ጀርሲ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ እያንዳንዷ ስንዝር መሬት በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ስለሆነች፣ ለካውንቲው የሚቀሩት ፍርድ ቤቱ፣ እስር ቤቱ፣ ሸሪፉ፣ አንዳንድ መንገዶችና ትልልቅ መናፈሻዎች ናቸው።

ይህን በዓይን ለማየት ከሃድሰን ካውንቲ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከኒው ዮርክ ከተማ እምብርት ከማንሃታን ፊት ለፊት፣ በሃድሰን ወንዝ ምዕራብ ዳር የተዘረጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከበርገን ካውንቲ ተቆርሶ ወጣ። የየብስ ስፋቱ 120 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አዲስ አበባ ከአራት እጥፍ በላይ ትበልጠዋለች፤ በኒው ጀርሲ ካሉት ካውንቲዎች በስፋት የመጨረሻው፣ በሕዝብ ጥግግት ግን የመጀመሪያው ነው። በ2020 ቆጠራ 724,854 ሰው ተገኝቶበታል። በዚህች መሬት ላይ 12 ከተሞች አሉ። ትልቁ ጀርሲ ሲቲ ነው፤ የካውንቲውም መቀመጫ እሱ ነው። ከትንንሾቹ አንዱ የሆነው ጉተንበርግ ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 12 ሺህ ሰው ይዟል።

በርገንላይን የሚባለውን ጎዳና ይዞ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ዩኒየን ሲቲን፣ ዌስት ኒው ዮርክን፣ ጉተንበርግን አልፎ ኖርዝ በርገን ይገባል። የት ጋ አንዱ አልቆ ሌላው እንደጀመረ የሚነግረው ነገር የለም፤ ሱቁ ያው ሱቅ፣ የሚሰማው ስፓኒሽም ያው ስፓኒሽ ነው። ጎዳናው ላይ ጂትኒ የሚባሉ ትንንሽ የግል አውቶቡሶች ይመላለሳሉ፤ መንገድ ዳር እጅ ሲነሳ ካዩ ይቆማሉ። በሚኒባስ ታክሲ ያደገ ሰው አሠራራቸውን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ድንበሩ የሚታወቀው ኑሮ ውስጥ ሲገቡ ነው። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ከንቲባ፣ የራሱ ፖሊስ፣ የራሱ የትምህርት ቦርድ አለው። ልጅ የት እንደሚማር፣ የቤት ግብሩ ስንት እንደሚሆን፣ መኪና ማታ የት እንደምትቆም የሚወስነው ያ የማይታይ መስመር ነው።

የካውንቲውን ምክር ቤት አባላት መጠሪያ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። እስከ 2020 ማብቂያ ድረስ በኒው ጀርሲ «የተመረጡ ባለርስቶች» ይባሉ ነበር። ከቅኝ ግዛት ዘመን የመጣ ስም ነው፤ ያኔ ለሹመት የሚበቃው የራሱ መሬት ያለው ሰው ብቻ ነበርና። ከጥር 2021 ጀምሮ ኮሚሽነር ተብለዋል። «መሬት ላራሹ» ብሎ ከጮኸ ትውልድ ለተወለደ ሰው ባለርስት የሚለው ቃል ምን እንደሚከብድ መንገር አያሻም። ሃድሰን ውስጥ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ከሦስት ቤተሰብ ሁለቱ ገደማ የሚኖረው በኪራይ ነውና።

ተከራዮቹ ከየት ከየት መጡ? ከአስር ነዋሪዎች አራቱ ያህል የተወለዱት ከአሜሪካ ውጭ ነው። ከኩባ አብዮት በኋላ ብዙ ኩባውያን ዩኒየን ሲቲ ስለሰፈሩ ከተማዋ «የሃድሰኗ ሃቫና» እስከመባል ደርሳ ነበር። ጀርሲ ሲቲ ውስጥ የሕንዶች ገበያ፣ በማኒላ ስም የተሰየመ ጎዳና፣ ብዙ የግብጽ ክርስቲያኖችም አሉ። የግብጾቹ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በሰሜን አሜሪካ ከተተከሉት የመጀመሪያዎቹ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያኖች አንዱ ነው። እስከ 1959 ድረስ ጳጳሳችን የሚሾመው ከእስክንድርያ መንበር ስለነበር፣ ለተዋሕዶ ምእመን እነዚህ ሰዎች ሩቅ አይደሉም።

ስደተኛና ይህ የወንዝ ዳር የተገናኙት ዛሬ አይደለም። ኤሊስ በተባለው የስደተኞች መመርመሪያ ደሴት ላይ ተመርምረው ካለፉት ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ በጀልባ ወደ ጀርሲ ሲቲ ተሻግረው፣ በ1889 ከተሠራው ባቡር ጣቢያ ተሳፍረው ወደ አገሩ ተበትነዋል። ደሴቱ ራሱ የማን ነው የሚለው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1998 አፈር ተደልድሎ የተጨመረው አብዛኛው ክፍል የኒው ጀርሲ ነው ተብሎ ተፈረደ። ስደተኞቹ በዚህ በኩል ሲያልፉ በነበረበት ዘመን የወንዙን ዳር የያዙት የባቡር ኩባንያዎች ነበሩ። ሐዲድ፣ መጋዘንና ወደብ እንጂ ሰው ውሃውን የሚያይበት ቀዳዳ ጥቂት ነበር፤ ሕዝቡ ከዳርቻው ጀርባ ካለው ገደል በላይ ተፋፍጎ ይኖር ነበር። በ1908 ከወንዙ ሥር ባቡር፣ በ1927 እና በ1937 ደግሞ የሆላንድና የሊንከን የመኪና ዋሻዎች ተከፈቱ። ኋላ ጭነቱ በኮንቴነር ሆኖ ወደ ኒውአርክና ኤሊዛቤት ወደቦች ሲዞር፣ ኩባንያዎቹም ሲከስሩ ዳርቻው ባድማ ሆነ። ያ ባቡር ጣቢያ በ1967 ተዘጋ፤ አካባቢው በ1976 ሊበርቲ የሚባል መናፈሻ ሆነ።

በቀረው ባድማ ላይ የመስታወት ፎቆች በቀሉ፣ ኪራዩም አብሮ ወጣ። ውሃውም የራሱን ይጠይቃል፤ በጥቅምት 2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል ሲመጣ ከካውንቲው ከተሞች አንዷ የሆነችው ሆቦከን ግማሽ ያህሏ ተጥለቀለቀች። እኔ ግን ከሁሉም የምወደው አንድ ደንብ አለ። ክፍለ ግዛቱ በዳርቻው ላይ የሚገነባ ሁሉ በውሃው ጠርዝ ቢያንስ 30 ጫማ፣ 9 ሜትር ያህል ማለት ነው፣ ለሕዝብ መተላለፊያ እንዲተው ያስገድዳል። መንገዱ ከደቡብ ከቤዮን ተነስቶ እስከ ጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ እንዲደርስ የታሰበ ነው፤ አብዛኛው ተሠርቷል። ከበርገንላይን ጎዳና በሊፍት ወርዶ ዐለቱ ውስጥ ከተፈለፈለው የቀላል ባቡር ጣቢያ የሚሳፈር ተከራይ፣ በሚቀጥለው ፌርማታ ወርዶ ጥቂት እንደተራመደ ውሃው ዳር ይቆማል። ያቺን 9 ሜትር ማንም አከራይ ሊዘጋበት አይችልም።