የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት እንዴት ተለይተው ታወቁ?

መጽሐፍ ቅዱስን የኒቅያ ጉባኤ ነው የወሰነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ስህተት ነው። 318ቱ አባቶች በ325 የተሰበሰቡት ወልድ ፍጡር ነው ባለው በአርዮስ ምክንያት ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ባወጧቸው ቀኖናዎች ውስጥ የመጻሕፍት ዝርዝር የለም። ሥራው ሦስት መቶ ዓመት ገደማ የወሰደ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ብሉይ ኪዳንን በአብዛኛው የሚያነቡት በሰብዓ ሊቃናት የግሪክኛ ትርጉም ነበር። የጳውሎስ መልእክታትና ወንጌላት ደግሞ እየተገለበጡ ከከተማ ከተማ ይዞሩ ነበር። ነገሩን ያጣደፈው በሮም ያስተምር የነበረው፣ በኋላ መናፍቅ የተባለው ማርቅዮን ነው። ብሉይ ኪዳንን ጨርሶ ጣለ፣ የሉቃስን ወንጌል ቆራርጦ ከ10 የጳውሎስ መልእክታት ጋር ብቻ ያዘ፣ በ144 ገደማም ከሮም ማኅበረ ምእመናን ተለየ። ከዚያ ወዲህ «የእኛስ የትኞቹ ናቸው?» የሚለው ጥያቄ የማይታለፍ ሆነ። የሊዮኑ ጳጳስ ሄሬኔዎስ በ180 አካባቢ ወንጌል አራት ብቻ ነው፣ አይጨመርም አይቀነስም ብሎ ጻፈ።

አሠራሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው የአንጾኪያው ጳጳስ ሰራፕዮን ታሪክ ነው። በሥሩ ያሉ ምእመናን በጴጥሮስ ስም የተጻፈ ወንጌል እናንብብ ሲሉት መጽሐፉን ሳያየው ፈቀደ። በኋላ ግን ክርስቶስ በእውነት ሥጋ አልለበሰም የሚሉ ሰዎች እንደሚጠቀሙበት ሰማ። ከእነሱው ተውሶ አነበበው፤ አብዛኛው ትክክል ሆኖ ሳለ የተጨመረበት ነገር አገኘና ከለከለ። መለኪያው እንግዲህ ይኸው ነው፦ ከሐዋርያት መምጣቱ፣ ከተቀበሉት እምነት ጋር መስማማቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ መነበቡ።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት መጻሕፍቱን ሲመድብ ያዕቆብ፣ ይሁዳ፣ 2ኛ ጴጥሮስ፣ 2ኛና 3ኛ ዮሐንስ ገና አከራካሪ ናቸው ይላል። የዮሐንስ ራእይም ያወዛግብ ነበር። የሶርያው ጥንታዊ ትርጉም እነዚህን ከያዕቆብ በስተቀር አልያዘም።

ዛሬ የምናውቃቸውን 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት አሟልቶ የዘረዘረው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ታላቁ አባት አትናቴዎስ ነው፤ በ367 ለፋሲካ በላከው 39ኛ መልእክቱ። አዎ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን አትናቴዎስ ራሱ! የሄርማስን መጽሐፍና ዲዳኬን (የሐዋርያት ትምህርት የሚባለውን) ከዝርዝሩ ውጪ አድርጎ ለአዲስ አማንያን ማስተማሪያ ይሁኑ ብሏል። በምዕራቡ ዓለም የሂፖ (393) እና የካርቴጅ (397) ጉባኤዎች ይህንኑ 27 አጸኑ።

ሄኖክ ግን በአትናቴዎስ ዝርዝር ውስጥ የለም። እዚህ ላይ የእኛ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የራሷን መንገድ ሄዳለች። ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ ቁጥር 14 ሄኖክን ይጠቅሳል፣ የሰሜን አፍሪካው ጸሐፊ ተርቱሊያንም ለመጽሐፉ ተከራክሯል፤ ሌላው ዓለም ቀስ በቀስ ሲተወው የግእዝ ሊቃውንት እየገለበጡ አቆዩት። ኩፋሌም እንደዚሁ። የመጻሕፍቶቻችን ብዛት 81 የሚለው ቁጥር ጽኑ ነው፣ አቆጣጠሩ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ 46 ብሉይና 35 ሐዲስ ይላል፤ በሐዲሱ ውስጥ ሲኖዶስ፣ መጽሐፈ ኪዳን፣ ቀሌምንጦስና ዲድስቅልያ የሚባሉት የሥርዓት መጻሕፍት ይገባሉ። ሌላው 54ና 27 ነው። በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት የቁምራን ዋሻዎች የሄኖክ የአራማይክ ቁርጥራጮች ሲገኙ መጽሐፉ ከክርስትና በፊት የነበረ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ሙሉው ግን እስከ ዛሬ ያለው በግእዝ ብቻ ነው።