በአያቴ አንገት ላይ ያለው ቀለም ከቅጠል አይደለም

አያቴ ከአገጯ ሥር እስከ አንገቷ ድረስ እንደ ድሪ የተደረደረ ንቅሳት ነበራት። ልጅ ሳለሁ ጣቴን በምራቅ አርሼ ባሻሸው አልለቅ አለኝ፤ እሷም ስቃ ዝም አለች። በመርፌና በጥላሸት ስለሚሠራው የድሮ ንቅሳት ብዙ ይወራል፤ ከሚወራው ውስጥ ጥቂት የማይባለው ልክ አይደለም።

«አረንጓዴው ቀለም ከቅጠል የመጣ ነው።» እኔም ለዓመታት አምኜው ነበር። ነቃሾች የቅጠል ጭማቂ መጠቀማቸው እውነት ነው፤ ጥላሸቱን የሚለውሱበት እርሱ ነው። ከቆዳ ሥር ዕድሜ ልክ የሚቀረው ግን ከኩራዝ ወይም ከድስት ቂጥ የተፋቀው ጥላሸት ነው፤ የቅጠሉን አረንጓዴ ሰውነት ውሎ አድሮ ያጠፋዋል። ታዲያ ጥቁሩ ለምን አረንጓዴ መሰለ? ጥላሸቱ የተቀመጠው በየጊዜው ከሚረግፈው ከላይኛው ቆዳ በታች ነው። ወደ ውስጥ ከሚገባው ብርሃን ቀዩ ጠልቆ ሲዋጥ፣ ሰማያዊው ተበትኖ ወደ ዓይናችን ይመለሳል፤ ከቆዳው የራሱ ቀለም ጋር ሲገናኝም ወደ አረንጓዴ ያደላል። በምራቅ ያልለቀቀውም ለዚሁ ነው፤ እኔ የማሸው ከላይ፣ ቀለሙ ያለው ከሥር።

«ንቅሳት ቆዳን መብጣት ነው።» ብጣት ሌላ፣ ንቅሳት ሌላ። ሙርሲዎች ቆዳን በጥተው የሚያወጡት ጌጥ በእጅ ሲዳሰስ ጎላ ብሎ የሚሰማ ጠባሳ ነው። ነቃሽ ግን በእሾህ ወይም በክር በታሰሩ መርፌዎች ነጥብ በነጥብ ትወጋለች፤ መስመር የሚመስለን የነጥቦች ሰልፍ ነው። በዚህ ስሕተት የወደቁት ተራ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በ1991 እ.ኤ.አ. በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘው ኦትዚ የተባለው ሰው፣ ከ5,000 ዓመት በላይ የቆዩ 61 ምልክቶች አሉት። ቆዳው ተበጥቶ ከሰል ተነስንሶበታል ሲባል ኖሮ፣ በኋላ በዘመናችን ቆዳ ላይ ተሞክሮ ሲነጻጸር በሹል ነገር እንደተወጋ ወደማመን ተደርሷል።

«ንቅሳት ከፈረንጅ የመጣ ነው።» ከፈረንጅ የመጣው ማሽኑ ነው። ሳሙኤል ኦራይሊ የኤሌክትሪክ መነቀሻውን በኒውዮርክ በስሙ ያስመዘገበው በ1891 እ.ኤ.አ. ነው። እርሱም ቢሆን እጅን ከማፍጠን ያለፈ አልሠራም፤ መርፌው ዛሬም መርፌ ነው።

«ግንባሯ ላይ መስቀል ያላት ሁሉ ክርስቲያን ናት።» ይህ ሰው ያስቀየመ ስሕተት ነው። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከገቡ የቤተ እስራኤል እናቶች መካከል ግንባራቸው ላይ መስቀል ያለባቸው አሉ። በአንዳንድ መንደር ነገሩ የልጃገረድ ጌጥ ነበር፤ ከጎረቤት ላለመለየት የተነቀሱም ነበሩ። አገር ሲለወጥ ያው ምልክት ጥያቄ አስከተለ፤ በሌዘር ለማስጠፋት የሄዱም አሉ።

«ድድ መነቀስ ጥርስ ያጠነክራል።» አያጠነክርም። የጠቆረ ድድ ጥርስን አንጥቶ ያሳያል፤ ውበቱ ይኸው ነው፣ እኔም አልክደውም።

«ጥላሸትና ቅጠል ምን ይጎዳል?» ጉዳቱ ከመርፌው ነው። አንዱ መርፌ ሳይቀቀል ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲተላለፍ የጉበት ቫይረስም ኤች አይ ቪም አብሮ ይሄዳል። የጤና ባለሙያዎች ንቅሳትን ከጎጂ ልማዶች ተርታ የሚያስቀምጡት በዋናነት ለዚህ ነው። በአያቴ ዘመን መርፌው ከልጃገረድ ወደ ልጃገረድ ሲዞር፣ በመሀል የሚደረግለት ነገር ቢኖር በነጠላ ጫፍ መጠረግ ነበር።