«አንድ ቦታ መከማቸታቸው ነው የጎዳቸው»፦ ስለ ሞንግ ስደተኞች የሚባለውና እውነታው

ሚኒሶታ ከርሞ ሞንግ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ያልገጠመው ሐበሻ ጥቂት ነው። በሴንት ፖልና በአካባቢዋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞንጎች ይኖራሉ። ስለ እነሱ የሚወራው ግን ብዙው የተዛባ ነው። (ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

«ቻይናዎች ናቸው፤ ኑሮ ፍለጋ ነው የመጡት»

አይደለም። የጥንት ሥረ መሠረታቸው ደቡብ ቻይና ነው። ወደ አሜሪካ የመጡት ግን ደቡብ ምሥራቅ እስያ ካለችው ከላኦስ ተራሮች ነው፤ ያመጣቸውም ጦርነት ነው። ከ1961 ጀምሮ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ የሞንግ ገበሬዎችን አስታጥቆ፣ በጄኔራል ቫንግ ፓኦ መሪነት ከኮሚኒስቶች ጋር አዋጋቸው። ገና ልጆች የነበሩ ሁሉ ዘምተዋል። በ1975 ዋናው የጦር ሰፈር ሎንግ ቼንግ ሲለቀቅ በአውሮፕላን የወጡት ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው። ሌላው ሕዝብ በጫካ ተጉዞ፣ የሜኮንግን ወንዝ በቀርከሃ ተንሳፎ ወደ ታይላንድ ተሻገረ። ስንቱ ወንዙ ውስጥ ቀርቷል! ከዚያ በኋላም በመጠለያ ጣቢያ ዓመታት ያለፉባቸው ብዙ ናቸው። በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ለብዙዎቹ መንገድ ከፈተ። ከሱዳን ለመጡ ወገኖቻችንም በሩን የከፈተው ይኸው ሕግ ነው።

«ተከማችተው ስለሚኖሩ አገሩን መልመድ አቃታቸው»

ይሄኛው ነው የሚያንገበግበኝ። መጀመሪያ ላይ መንግሥትም ያሰበው እንደዚሁ ነበር። ሸክሙ በአንድ ከተማ ላይ እንዳይወድቅ፣ እነሱም ቶሎ እንዲለምዱ ተብሎ ቤተሰቦቹ በየስቴቱ ተበተኑ። አንዱ ቤተሰብ እዚህ፣ የወንድም ቤተሰብ ሌላ ስቴት።

ሞንግ ግን ያለ ጎሳው መኖር ይከብደዋል። አሥራ ስምንት ያህል ጎሳዎች አሏቸው። ቫንግ፣ ያንግ፣ ሎር፣ ሺዮንግ የሚሉት የቤተሰብ ስሞች የጎሳ ስሞች ናቸው። ያንግ ያንግን አያገባም፤ አይቶት የማያውቀው ያንግ ከሩቅ ቢመጣ ግን ወንድሙ ነው። ሰው ሲሞት ደግሞ ባህላዊው ቀብር ሦስት አራት ቀን ይፈጃል። ነፍስ የኖረችባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ አልፋ ወደ ተወለደችበት እንድትመለስ መንገዱን በዜማ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል። የቀርከሃ መሣሪያ የሚነፋ፣ የሚያርድ፣ የሚያበስል፣ ወጪ የሚጋራ ያስፈልጋል። ዕድር ያለው ሰው ይሄ አይጠፋውም። ዘመድ በሌለበት ከተማ አንድ ቤተሰብ ብቻውን አባቱን እንዴት አድርጎ ይቀብራል?

ስለዚህ በ1980ዎቹ ዕቃቸውን ጭነው ዘመድ ወዳለበት ነጎዱ፤ ካሊፎርኒያ ወዳለችው ፍሬስኖ፣ ወደ ሴንት ፖል፣ ወደ ዊስኮንሲን ከተሞች። መልመድ የቀለላቸውም እዚያው ነው። ቀድሞ የመጣው አዲሱን ሐኪም ቤት ይወስደዋል፣ መንዳት ያለማምደዋል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያስመዘግብለታል። በ2002 ሜ ሙዋ የሚኒሶታ ሴኔት አባል ሆና ስትመረጥ፣ በአሜሪካ የስቴት ምክር ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ሞንግ ነበረች። የተመረጠችው ከሴንት ፖል ምሥራቃዊ ክፍል ነው፤ «ተከማቹበት» ከሚባለው ሰፈር።

«የረዷቸው መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ብቻ ናቸው»

ረድተዋል፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ስፖንሰር ሆነው ቤተሰብ ተቀብለዋል። ግን በ1977 ካሊፎርኒያ ውስጥ ላኦ ፋሚሊ የተባለውን የመረዳጃ ድርጅት ያቋቋሙት ስደተኞቹ ራሳቸው ናቸው። በ2011 ደግሞ የሚኒሶታ ሞንግ ገበሬዎች ማኅበራቸውን መሠረቱ። ችግራቸው መሬት ነበር። በየዓመቱ በሚታደስ ኪራይ ላይ ማን ደፍሮ ከርሞ የሚያፈራ ነገር ይተክላል? ዛሬ የማኅበሩ አባላት 155 ኤከር በሚሆን እርሻ ላይ አትክልትና አበባ ያመርታሉ።

«ፊደል ያልቆጠሩ ስለሆኑ ምንም አያውቁም ነበር»

ቋንቋቸው በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። ስለዚህ እርሳስ ይዘው የማያውቁ እናቶች ብዙ ነበሩ። እነዚያው እናቶች ግን በመጠለያ ጣቢያ ሆነው ቦምቡን፣ ስደቱን፣ ወንዙን ጨርቅ ላይ ጠልፈውታል። ዛሬ ልጅ ልጆቻቸው ታሪካቸውን የሚያዩት ከዚያ ጨርቅ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ለአዛውንቶቹ ከባድ መሆኑ እውነት ነው። በ2000 የወጣ ሕግም ከአሜሪካ ጎን የተዋጉት ሞንጎች ለተወሰነ ጊዜ የዜግነት ፈተናውን በአስተርጓሚ እንዲወስዱ ፈቅዶ ነበር።

«በአዋቂ ስለሚያምኑ ሐኪም ይጠላሉ»

በባህላዊ እምነታቸው ሰው የሚታመመው ነፍሱ ከሰውነቱ ስትርቅ ጭምር ነው። እሷን የሚመልሱት የመንፈስ አዋቂዎች ናቸው። ይሄ ማለት ግን መድኃኒት አይፈልጉም ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ሁለቱንም ይፈልጋሉ። ችግሩ የመጣው ሐኪሙ ሳያስረዳ፣ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ እያስተረጎመ፣ «እዚህ ጋ ፈርሙ» ሲባሉ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ መርሴድ ከተማ ያለ አንድ ሆስፒታል አዋቂዎቹ በታማሚው አልጋ አጠገብ የተወሰኑ ሥርዓቶችን እንዲፈጽሙ በደንቡ ፈቅዷል። በሽተኛው መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ነፍሱ እንዳትርቅም በእጁ አንጓ ላይ ክር ይታሰርለታል። ያንን ክር ነርሷ ሳታስፈቅድ መቁረጥ የለባትም።