ባዶውን የተመለሰ አምቡላንስ፦ ስለ ማኅበረሰብ ፓራሜዲክ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሕመምተኞችን በየቤታቸው እየዞርኩ ማከም ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ ጆሮዬን አሰልችቶታል፤ «ካልወሰዳችኋት ታዲያ ለምን መጣችሁ?» ልጅ ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ አንዳንዴም የጤና ባለሙያ የሆነ ዘመድ ሳይቀር በስልክ ይጠይቃል። ስለ ሥራችን የሚነገሩ ሌሎች ስህተቶችም አሉ፤ እነሱን ቶሎ ቶሎ እላቸዋለሁ። ይህችን አንዷን ግን በዋዛ አላልፋትም።

ለማያውቀው ሰው፣ የማኅበረሰብ ፓራሜዲክ በድንገተኛ ሕክምና የሠለጠነ፣ በዚያ ላይ ሥር የሰደዱ በሽታዎችን መከታተል፣ ቁስል መንከባከብና የመድኃኒት አወሳሰድ መፈተሽ የተማረ ባለሙያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሳይረን እያስጮኸ ሳይሆን በቀጠሮ ነው። ከሆስፒታል የወጣው ሰው እንዴት ሰነበተ? አምቡላንስ ደጋግሞ የሚጠራውስ ሰው ለምን ይጠራል? የሚመጣው ይህን ለማየት ነው።

«ሐኪም ሲያጡ ነው እናንተን የሚልኩብን።» ፓራሜዲኩ በጽሑፍ በተቀመጠ የሕክምና መመሪያ ይሠራል፤ ከመመሪያው ውጭ የሆነ ነገር ሲገጥመው ለሚቆጣጠረው ሐኪም ደውሎ ትእዛዝ ይቀበላል። ደግሞስ በሐኪም እጦት መጀመሩ ምን ያሳፍራል? በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ሎንግ እና ብራየር የሚባሉ በጀልባ የሚደረስባቸው ሁለት ደሴቶች ነዋሪ ሐኪም አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፓራሜዲኮች ከአንዲት ከፍተኛ ነርስ ጋር ሆነው፣ ከደሴቶቹ ውጭ ካለ ሐኪም ጋር በስልክ እየተመካከሩ የነዋሪዎቹን ግፊትና ስኳር መከታተል፣ ቁስል ማከምና ክትባት መስጠት ያዙ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት አሠራር ከእንዲህ ዓይነቱ ጅምር የተቀዳ ነው።

«ለሀብታም የሚሆን ቅንጦት ነው።» በተቃራኒው ነው። በዚያው በካናዳ፣ በኦንታሪዮ፣ ፓራሜዲኮች ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አዛውንቶች ወደሚኖሩባቸው ሕንፃዎች በየሳምንቱ እየሄዱ ምርመራና ምክር ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የዚህ ፕሮግራም ጥናት አገልግሎቱ ካለባቸው ሕንፃዎች ለአምቡላንስ የሚደረገው ጥሪ እንደቀነሰ አሳይቷል።

«ግፊት መለካትማ እኛም እንለካለን።» ትለካላችሁ፤ አንድ ጊዜ፣ ተቀምጠው። እኔ ግን ሰውየውን አስተኝቼ እለካለሁ፤ ከዚያ አስነሥቼ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና እለካለሁ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ሰውየው ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ የሚያዞረውና የሚጥለው ምን እንደሆነ አንድ ፍንጭ አገኘሁ ማለት ነው። «ቅድም ለክተህ የለ?» እየተባልኩ ነው ይህን የማደርገው።

«አዛውንት ሰው ሆስፒታል ቢተኛ አይከፋም።» ይከፋል እንጂ! ጥቂት ቀን አልጋ ላይ መዋል የአረጋዊን ጡንቻ ያደክማል፤ ቦታው ሲቀየርና እንቅልፉ ሲዛባም የት እንዳለ ግራ ሊገባው ይችላል። መተኛት ያለበት ይተኛል፤ የማያስፈልገውን ማስተኛት ግን ጥንቃቄ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናዋ ልምጣ። «አምቡላንስ መጥቶ ሕመምተኛ ሳይጭን ከተመለሰ ነዳጅ አቃጠለ እንጂ ምን ሠራ?»

ይህ አመለካከት ዕድሜው ረጅም ነው። አምቡላንስ ለብዙ ዘመን ሰው የሚያመላልስ መኪና ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ፍራንክ ፓንትሪጅ የተባለ የልብ ሐኪም በቤልፋስት የልብ ምት መመለሻ መሣሪያ በመኪና አስጭኖ ሕክምናውን ወደ ሕመምተኛው ደጃፍ ማምጣት ሲጀምር ነው ሐሳቡ መለወጥ የያዘው። ገንዘቡ ግን ከሐሳቡ ጋር አብሮ አልተለወጠም። በአሜሪካ የአረጋውያን የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ለአምቡላንስ የሚከፍለው በመደበኛው ደንብ ሕመምተኛው ሲጓጓዝ ነው። ባለበት አክሞ ለመተው እንዲከፈል የተጀመረው የሙከራ ፕሮግራምም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ቆሟል። ከፋዩ ራሱ ሕክምናን በመንገድ ርዝመት የሚለካ ከሆነ ጎረቤት ምን ይፈረድበታል?

አንዲት የልብ ድካም ያለባቸው እናት ነበሩ። እግራቸው ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ በአምቡላንስ ይወሰዳሉ፣ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቷቸው ውኃው ይወጣላቸዋል፣ ቀሏቸው ይመለሳሉ። ሳምንታት ሳይቆይ ደግሞ ያው ነው። በእያንዳንዱ የመውጫ ወረቀት ላይ የሚያሸናው መድኃኒት መጠን ከፍ እያለ ሄዷል፤ ሐኪሙ «ያነሰው አልሠራላቸውም» ብሎ ነዋ።

ቤታቸው ተቀምጬ መድኃኒቱን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። ከአልጋቸው አጠገብ ካለው መሳቢያ አወጡልኝ። ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ቀን አይቼ ፍሬዎቹን ቆጠርኩ፤ ግማሹ እንኳ አልተነካም። «ይወስዱታል?» ስላቸው «እንዴታ!» አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። ይልቅ መጸዳጃ ቤቱን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ከደረጃው በታች ነው። የመተላለፊያው አምፖል ተቃጥሏል፤ ደረጃው መደገፊያ የለውም። ቀስ ብዬ ስጠይቅ ወሬው ወጣ። መድኃኒቱን የሚያስታውሷቸው ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ነው፣ ማታ። ማታ ከዋጡት ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ያመላልሳቸዋል። አንድ ሌሊት እዚያ ደረጃ ላይ ተንሸራትተው ወደቁ። ለማንም ሳይናገሩ መድኃኒቱን ተዉት፤ ለልጃቸው ግን «ወስጃለሁ» ይሏታል።

ለሐኪሙ ደወልኩ። ሰዓቱ ወደ ጠዋት ተዛወረ፤ መጠኑም እንዲቀንስ ተደረገ። በወረቀት ላይ ሲጨመር የከረመውን መጠን በእርግጥ ቢውጡት ግፊታቸው ወርዶ፣ ፖታሲየማቸው ተዛብቶ ሌላ ጣጣ ሊመጣ ይችል ነበር። አምፖሉ በዚያው ቀን ተቀየረ። አምቡላንሳችን ባዶውን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል አልገቡም አልልም፤ በሳንባ ምች ገብተዋል። ያ የውኃ መጠራቀም ግን አልተመለሰም።

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ያንን ደረጃ ከተቀመጠበት ሊያየው አይችልም።

«አንድ ገጠመኝ ማስረጃ አይሆንም» ለሚለኝ፦ በእንግሊዝ ሼፊልድ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆነ ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አለ። ተጨማሪ ሥልጠና የወሰዱ ፓራሜዲኮች ካዩዋቸው ሰዎች በ28 ቀናት ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የሄዱት 62.6 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው አሠራር ከታዩት ግን 87.5 በመቶ ናቸው። በሞት በኩል በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እቤት መታከማቸው አልጎዳቸውም ማለት ነው።

ስለዚህ ፓራሜዲክ ቀጠሮ ሲይዝላችሁ ቤቱን ለእንግዳ እንደምታዘጋጁት አታዘጋጁብኝ። ምንጣፉን አታስተካክሉ፤ ሰው የሚያደናቅፈው ምንጣፍ እንዳለ ይቆየኝ። መድኃኒቱን ሁሉ ግን አንድ ቦታ ሰብስቡልኝ፤ ያቋረጣችሁትን፣ ከጎረቤት የተዋሳችሁትን፣ ከዕፅዋት የተቀመመውንም ጭምር። በሁለት የተለያየ የንግድ ስም የተሸጠን አንድ መድኃኒት ሁለቱንም የሚውጥ ሰው ብርቅ አይደለም። የመውጫ ወረቀቱን አትጣሉ። የልብ ድካም ያለበት ሰው በየጠዋቱ ሽንቱን ከሸና በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ይመዘን፤ ቁጥሩን ይጻፈው። በሦስት ቀን ውስጥ ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመረ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይደውል፤ ይህ ስብ ሳይሆን ውኃ ነው። ጠያቂ ልጆችም እባካችሁ በእናታችሁ ፈንታ አትመልሱ።

የመጨረሻዋ ስህተት የመጀመሪያዋ ግልባጭ ናት፦ «ፓራሜዲኩ ነገ ይመጣ የለ፣ እስከዚያ ልታገሥ።» ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ በድንገት የተጣመመ ፊት ወይም የተኮላተፈ አንደበት፣ በአንድ ወገን የከዳ እጅ ወይም እግር፣ እያወሩ መጨረስ የሚከለክል የትንፋሽ እጥረት ቀጠሮ አይጠብቁም። የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩን ደውሉ፤ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፤ የስትሮክ ሕክምና የሚወሰነው በእሱ ነው። የእኛን ቀጠሮ ለመሰረዝ እንኳ ጊዜ አታጥፉ፤ መጥተን በሩ ተዘግቶ ብናገኘው አንቀየምም።